የእናት ጡት ወተት ይሸጣል ወይ? በካምፕ ውስጥ ማን ያጥባ፣ ማንስ ይክፈል?

በባሱንዳ፣ በባቢክሪ ወይም በኡም ራኩባ ለሚኖር ሰው ስለ እናት ጡት ወተት መሸጥና መግዛት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ራሽን ይዘገያል፣ ውኃ ተሰልፎ ነው የሚገኘው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ መኪና አያሳልፍም። በዚህ ሁሉ መሀል የወተት ክርክር ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም።

ግን ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። እናቱ በወሊድ የሞተችበት፣ በጽኑ የታመመችበት ወይም በሽሽት መንገድ ላይ የተለየችው ሕፃን ባለበት መጠለያ ሁሉ በዚያው ሌሊት ይነሳል። ማን ያጥባው? ጎረቤት ታጥባው ከተባለ እሷም አራስ ናት፣ እሷም ርቧታል። ይከፈላት ወይ? ከተከፈላት የሚከፈላት ለወተቱ ነው ወይስ ለድካሟ? ካልተከፈላትስ እስከ መቼ ነው በምርቃት ብቻ ሁለት ልጅ የምታጠባው? እንዲህ ያለ ነገር በይሉኝታ ተሸፋፍኖ ስለሚያልፍ፣ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የምትከፍለው ዝም ያለችው ሴት ናት።

ስለዚህ በዚህ ትንታኔ በሌላው ዓለም የሆነውን፣ ሃይማኖትና ባህላችን የሚሉትን፣ የጤና ባለሙያዎችም የሚመክሩትን አንድ ላይ እናያለን። ከዚያ ወደራሳችን ካምፕ እንመለሳለን።

ሽቅብ የሚፈስ ወተት

እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ዜና የሆነ ጉዳይ ነበር። መቀመጫው አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት የሆነ አምብሮሲያ ላብስ የተባለ ኩባንያ፣ በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን ድሃ ሰፈር ከሚኖሩ አራሶች የጡት ወተት ይገዛ ነበር። ወተቱ በረዶ ሆኖ ወደ አሜሪካ ይላካል። እዚያ 147 ሚሊ ሊትር የያዘች አንዲት እሽግ በ20 ዶላር ትሸጣለች። መጠኑ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። የካምቦዲያ መንግሥት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ንግዱን አገደ። ዩኒሴፍም የድሆችን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ነው ብሎ ተቸ፤ በአገሪቱ ምግብ የጎደላቸው ብዙ ሕፃናት እያሉ ወተት ወደ ውጭ መላኩ እንዴት ይሆናል የሚል ነበር ክርክሩ።

የጉዳዩ ሌላ ገጽ ግን ብዙ አልተወራለትም። ወተታቸውን ይሸጡ የነበሩት እናቶች በእገዳው አልተደሰቱም። ገንዘቡ ኑሯቸውን ደግፎላቸው እንደነበር፣ ሥራው መቆሙ ሲነገራቸውም እንዳለቀሱ ለጋዜጠኞች የተናገሩ አሉ። እገዳው ከብዝበዛ አወጣቸው፤ በምትኩ ግን እጃቸው ላይ ምንም አላኖረላቸውም። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ጉዳይ የተነሳው በራሷ በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሜዶላክ የተባለ ኩባንያ በዲትሮይት ከተማ ጥቁር እናቶች ወተታቸውን እንዲሸጡለት ዘመቻ ጀመረ። ለአንድ አውንስ፣ ማለትም ለ30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 1 ዶላር ይከፍል ነበር። የከተማዋ ጥቁር ሴቶች ማኅበራት ግን በጥር 2015 ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄያቸው ቀላልና ከባድ ነበር፤ የኛ ልጆች ራሳቸው የእናት ጡት በበቂ በማያገኙበት ከተማ ወተቱን ወዴት ልትወስዱት ነው? አያቶቻችን በባርነት ዘመን የጌቶቻቸውን ልጆች እንዲያጠቡ ሲገደዱ የራሳቸው ልጆች ምን ሆኑ? ኩባንያው ዕቅዱን ሰረዘ።

ሦስተኛው ሕንድ ነው። የአገሪቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) የእናት ጡት ወተት አቀነባብሮ መሸጥ በሕጉ እንደማይፈቀድ አስጠነቀቀ፤ ፈቃድ የሰጡ ቢሮዎችም እንዳይሰጡ አዘዘ። ለግሶ መስጠት ይቻላል፤ ወተቱም በሆስፒታል ላሉ ጨቅላዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል። ንግድ ግን የለም።

ሦስቱን አገሮች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ይታያል። ውኃ ወደ ቁልቁል ይፈሳል፤ የጡት ወተት ንግድ ግን ሽቅብ ነው የሚፈሰው። ከድሃዋ እናት ይነሳና ሀብታሙ ቤት ይደርሳል። ተቃራኒውን ጉዞ እስካሁን ያየ የለም። ምክንያቱም ገበያ የሚጠይቀው ማን ተራበ ብሎ ሳይሆን ማን ይከፍላል ብሎ ነው።

የአጥቢዋስ ልጅ?

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የጣሳ ወተትና ጡጦ ከመስፋፋታቸው በፊት በአውሮፓ ሕፃን ለአጥቢ መስጠት ትልቅ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1780 የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ለኗር እንደ ዘገበው፣ በዓመት በከተማዋ ከሚወለዱ 21 ሺህ ያህል ሕፃናት በገዛ እናታቸው የሚጠቡት 1 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ ገጠር ሴቶች ይላካሉ። ሌላዋ ገጠሬ ደግሞ ቤቷን ጥላ፣ ከተማ ገብታ በሀብታም ቤት ታጠባለች። ከኋላዋ የቀረው የራሷ ልጅ ግን ጡቱን ያለጊዜው ይነጠቃል። ብዙዎቹ ሞተዋል።

ፈረንሳይ ይህን ያየችው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በሐኪሙና በምክር ቤት አባሉ በቴዎፊል ሩሰል ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። ሕጉ አጥቢነትን አልከለከለም፣ ደመወዟንም አልነካም። በሰው ቤት ገብታ ለመቀጠር የምትፈልግ ሴት ግን አንድ ማስረጃ እንድታቀርብ አዘዘ፤ የራሷ ልጅ ሰባት ወር ሞልቶታል፣ ካልሞላውም ሌላ ሴት እያጠባችው ነው የሚል።

አሁን ካለው ብዙ ክርክር ይልቅ ይህች የመቶ ሃምሳ ዓመት አንቀጽ ነገሩን በደንብ ይዛዋለች። "ገንዘብ ተቀበለች ወይ?" ብላ አትጠይቅም። "የማን ልጅ ጎደለበት?" ብላ ነው የምትጠይቀው። በካምፕም የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ሊሆን ይገባል።

ሃይማኖታችን የሚከለክለው የቱን ነው?

ብዙ ሰው የጡት ወተት በገንዘብ ሲባል "ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው" ብሎ ይደመድማል። መጻሕፍቱን ገልጠን ስናይ ግን ነገሩ እንደዚያ ድፍን አይደለም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 ላይ የሙሴ ታሪክ አለ። ሕፃኑ ሊገደል ስለሆነ እናቱ በሣጥን አድርጋ ወንዝ ዳር ታስቀምጠዋለች፤ የፈርዖን ልጅ ታገኘዋለች፤ እህቱ ቀርባ አጥቢ ልጥራልሽ ወይ ትላታለች፤ የምትጠራው የገዛ እናቱን ነው። የፈርዖን ልጅም አጥቢልኝ፣ ዋጋሽን እከፍልሻለሁ አለቻት። የስደተኛ ሕዝብ እናት የገዛ ልጇን በደመወዝ አጠባች ማለት ነው። ይህን በማድረጓ ማንም አልነቀፋት።

በቁርኣንም ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ሕፃን ሁለት ዓመት ሙሉ የሚጠባበትን ጊዜ ካነሳ በኋላ፣ ወላጆች ልጃቸውን ሌላ ሴት እንድታጠባላቸው ቢፈልጉ ተገቢውን እስከከፈሉ ድረስ ኃጢአት እንደሌለበት ይገልጻል። ሱረቱ ጦላቅ አንቀጽ 6 ደግሞ የተፈታች ሴት ልጁን ካጠባች ክፍያዋ እንዲሰጣት ያዛል። ነቢዩ ሙሐመድ ራሳቸው በሐሊማ ጡት ማደጋቸውን የማያውቅ ሙስሊም የለም።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ የተሰበሰቡት የእስልምና ፊቅህ ሊቃውንት የወተት ባንክን ለምን ከለከሉ? በ2024 (እ.ኤ.አ.) በካራቺ፣ ፓኪስታን፣ ሊከፈት የነበረው ባንክስ ለምን ቆመ? ምክንያቱ ክፍያው አልነበረም፤ ማንነቱ መጥፋቱ ነው። በእስልምና አንድ ሕፃን የጠባት ሴት እናቱ ትሆናለች፣ ልጆቿም ወንድም እህቶቹ፤ ጋብቻ አይፈቀድም። ሱዳን ውስጥ ሰፊ ተከታይ ባለው በማሊኪ መዝሀብ ደግሞ አንድ ጊዜ መጥባትም ይበቃል። የብዙ ሴቶች ወተት በአንድ ዕቃ ተቀላቅሎ ስም ከጠፋ፣ ልጁ አድጎ ሳያውቅ የጡት እህቱን ሊያገባ ይችላል የሚል ፍርሃት ነው ያለው።

የኛም አገር ባህል ከዚህ ብዙ አይርቅም። የጡት ልጅ ማለት ባዶ ቃል አልነበረም። አባቶቻችን ሥጋ ያላገናኛቸውን ሰዎች ሲያዛምዱ ጣት ማር ነክረው እንደ ጡት ያጠቡ ነበር። ከዚያ በኋላ የጡት አባትና የጡት ልጅ ይባላሉ፤ አንዱ ላንዱ ይቆማል፣ ይጦራል፣ ይሟገታል። ከዳተኛን ሰው ስንሰድብም "የእናት ጡት ነካሽ" እንላለን። በቋንቋችን ጡት ውል ነው። ውሉ ደግሞ በሁለት በኩል ያስራል፤ ያጠባች ሴት የመጠየቅ መብት አላት፣ የጠባ ልጅም ዕዳ አለበት።

እንግዲህ ክርስትናውም፣ እስልምናውም፣ ባህሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ለአጥቢ መክፈል አልተከለከለም። የማይወደደው ወተቱ ከባለቤቷ ተነጥሎ፣ ስም አልባ ሆኖ፣ እንደ ዘይት በጠርሙስ ሲዞር ነው። ሸጭዋ ለማን እንደሄደ አታውቅም፣ ገዢው ከማን እንደመጣ አያውቅም፣ ልጁም ማንን እናቴ እንደሚል አያውቅም። ጥያቄው "የማን ወተት ነው?" የሚል ነው።

የጠርሙስ ወተት እዚህ ለምን አይሆንም

"የማን ወተት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ሐኪሞችም ይጠይቃሉ፤ በሌላ ምክንያት።

አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጥ የጡት ወተት ገዝተው መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት ከ101 ናሙናዎች 74 በመቶ ያህሉ በባክቴሪያ ተበክለው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ደግሞ ከ102 ናሙናዎች 10ሩ ቢያንስ 10 በመቶ የላም ወተት የተቀላቀለባቸው ነበሩ። ይሄ ማቀዝቀዣና ፈጣን ፖስታ ባለበት አገር የሆነ ነው። ክፍያው በመጠን ሲሆን መጠኑን ለማብዛት መፈተን ይመጣል፤ ወተት ሻጭ ውኃ መቀላቀሉን ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው።

በገዳሪፍ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ወራት አሉ። የታለበ የጡት ወተት በ25 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ከአራት ሰዓት በላይ ባይቆይ ነው የሚመከረው። ፍሪጅ በሌለበት፣ መብራት በማይታመንበት ቦታ በጠርሙስ የሚዞር ወተት ለሕፃን መድኃኒትነቱ ቀርቶ መርዝ ሊሆን ይችላል። የወተት ባንኮች ወተቱን በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አሙቀው፣ ለጋሾችን መርምረው፣ በበረዶ ነው የሚያስቀምጡት። ብራዚል ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ ባንኮች አሏት፤ ለጋሾቹ ገንዘብ አይቀበሉም። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2019 በናይሮቢ ፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል አንድ ከፍታለች። እኛ ባለንበት ግን ይህ ሁሉ የለም።

ታዲያ የጣሳ ወተት አይሻልም? ንጹሕ ውኃ፣ ማገዶና ሳሙና በሞላበት ቤት ይቻል ይሆናል። ካምፕ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ውኃዋን በክሎባት ከ500 በላይ ሕፃናት በተቅማጥ ሞቱባት። ሆስፒታል ከገቡት ጨቅላዎች አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ፣ በዱቄት ወተት የሚያድጉ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ዮግያካርታ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የዱቄት ወተት በእርዳታ ጎረፈ። የተሰጣቸው ሕፃናት በተቅማጥ የተያዙት ካልተሰጣቸው ከእጥፍ በላይ ነበር። ገዳሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮሌራን በተደጋጋሚ ያየች ምድር ናት። የዱቄት ወተት አምራቾች ማስታወቂያና ነፃ ናሙና ላይ ገደብ የጣለው ዓለም አቀፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ያለምክንያት አልነበረም።

በአስቸኳይ ጊዜ ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚሠሩ ድርጅቶች የሚከተሉት መመሪያ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የእናትየው ጡት ነው። እሷ ከሌለች ወይም ካልቻለች ጤነኛ ሌላ ሴት ታጥባው፤ ወይም የደረቀ ጡት እንደገና ወተት እንዲያመጣ ይሞከር፤ የተመረመረ የልገሳ ወተት ካለ እሱ ይሰጥ። ይህ ሁሉ ካልሆነ በጤና ባለሙያ ክትትል፣ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ፣ የዱቄት ወተት ይሰጣል። ይሄ የመጨረሻው ነው፤ የመጨረሻ ስለሆነ ግን ነውር አይደለም። ሌላ አማራጭ ያጣች እናት ልትወቀስ አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። "ደንግጣ ወተቷ ደረቀ"፣ "ስለራባት ወተት የላትም" የሚባለው ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ድንጋጤ ወተቱ እንዳይወርድ ለጊዜው ሊያዘገየው ይችላል፤ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ሲጠባ ግን ይመለሳል። የከሳች እናትም ታጠባለች። ጡት የደረቀባት ሴት፣ አንዳንዴም አያት ሳትቀር፣ ሕፃኑ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ እንዲጠባ ከተደረገ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ባለ ጊዜ ወተት ሊመለስላት ይችላል። ወተት የሚገዛ ሰው ከመፈለግ በፊት ይህ ይሞከር። ሁለተኛ፣ ሌላ ሴት የምታጠባ ከሆነ የኤች አይ ቪ ምርመራ ሊቀር አይገባም። ቫይረሱ በጡት ወተት ይተላለፋልና። ቫይረሱ ያለባት እናት መድኃኒቷን እየወሰደች የራሷን ልጅ በሐኪም ምክር ልታጠባ ትችላለች፤ የሌላ ሰው ልጅ ግን አታጥባ።

"በነፃ" የሚባለው ነገር ሒሳብ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወደ አንድ መፍትሔ ይመራል፤ በካምፕ ሕፃን ከተቸገረ በስም የምትታወቅ፣ የተመረመረች ጎረቤት ታጥባው። ደስ ይላል። ብዙ ጽሑፎችም እዚህ ላይ ነው የሚያልቁት። ከባዱ ግን አሁን ነው የሚጀምረው።

አንድ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠባል። በካምቦዲያው ኩባንያ የመሸጫ ዋጋ ብናሰላው በቀን ከ100 ዶላር በላይ ነው። ያው ወተት ካምፕ ውስጥ "በነፃ" ይባላል። ነፃ ግን አይደለም፤ አንድ ሕፃን የምታጠባ ሴት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ሁለት ስታጠባ ያን ያህል እንደገና ይጨመራል። መደበኛው የእርዳታ ራሽን የሚታሰበው ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገንዘብ አጥሮት በሱዳን ላሉ ከ550 ሺህ በላይ ስደተኞች ራሽኑን በግማሽ መቁረጡን አንባቢዎቻችን ከእኛ በላይ ታስታውሱታላችሁ። ከዚያ ደግሞ በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት መጣ። በግማሽ ራሽን ሁለት ሕፃን የምታጠባ ሴት ልዩነቱን ከየት ታመጣዋለች? ከሰውነቷ ነው። ዋጋው ተከፍሏል፤ የከፈለችው እሷ ናት።

ስለዚህ "የእናት ወተት ክቡር ነው፣ በገንዘብ አይተመንም" ማለት መልካም ንግግር ሆኖ ሳለ፣ ብቻውን ከቆመ ለሴትየዋ ምንም አይሰጣትም። ሐኪሙ ደመወዝ አለው፣ አስተባባሪው ደመወዝ አለው፣ ውኃ የሚያመጣው ቦቴ ነጂ ይከፈለዋል። ሕፃኑን በሕይወት የምታቆየው ሴት ብቻ በምርቃት ትሂድ? የካምቦዲያዎቹ እናቶች ያለቀሱት ለዚህ ነው። ብዝበዛውን ከልክሎ ረሃቡን መተው ግማሽ ፍትሕ ነው።

በሌላ በኩል በጥሬ ገንዘብ፣ በጠርሙስ ልክ ይከፈላት ብንል የምናውቀው አደጋ አለ። ገንዘብ ባለበት ደላላ ይገባል፤ በድንበር አካባቢ ደላላ የማይገባበት ነገር እንደሌለ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ገንዘቡን ባል ወይም አበዳሪ ሊወስደው ይችላል። ዕዳ ያለባት ሴት "አልችልም" ማለት ያቅታታል። የራሷ ልጅ እየከሳ የሌላውን ልታጠባ ትችላለች፤ ሕመሟንም ልትደብቅ ትችላለች። የራባት ሰው እሺታ እሺታ መሆኑ ያጠራጥራል።

መሀሉ መንገድ ያለው ባህላችን ውስጥ ነው። አራስ ስንጠይቅ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ገንፎ አለ፣ አጥሚት አለ። ማንም "ወተት ገዛኋት" አይልም፤ ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ የምታጠባ ሴት ካልበላች አታጠባም። ደቦና ወንፈልም እንዲሁ ናቸው፤ ድካም በድካም ይመለሳል። ወተቱን ሳንገዛ ሴቲቱን መቀለብ እንችላለን ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው። የጡት ወተት በመጠን ተለክቶ፣ በጠርሙስ፣ በደላላ እጅ መሸጡን እንቃወማለን። የሌላ ሰው ልጅ የምታጠባ ሴት ያለ ድጋፍ መተዋንም እኩል እንቃወማለን። ሁለቱን አብሮ ለማስቀረት የሚቻሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የአጥቢዋ ልጅ ይቅደም። ልጇ ገና ጨቅላ ከሆነ ሁለቱም ሕፃናት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በጤና ጣቢያው ይመዘኑ፤ ክንዳቸውም ይለካ። የእሷ ልጅ ክብደት መጨመሩን ካቆመ፣ የሌላው ሕፃን ሌላ መፍትሔ በአስቸኳይ ይፈለግለት። ይሄን የምትወስነው ጎረቤት ወይም የሕፃኑ ዘመድ ሳይሆን ነርሷ ብትሆን፣ "ጨካኝ ናት" የሚል ወሬ አጥቢዋ ላይ አይወድቅም።

ሁለተኛ፣ ድጋፉ በምግብና በጉልበት ይሁን። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች የተጨማሪ ምግብ ፕሮግራም ባለበት ካምፕ፣ ሁለት ሕፃን የምታጠባ ሴት እንደ መንታ እናት እንድትቆጠር መጠየቅ ይቻላል፤ ይገባልም። የሕፃኑ ዘመዶች ደግሞ ውኃዋን ይቅዱላት፣ እንጨቷን ይልቀሙላት፣ ራሽን ሰልፍ ላይ ይቁሙላት። ይሄ ውለታ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ካለም በእሷ ስም፣ በእጇ ይድረሳት። የሚሰጣትም ስለጠባው ሚሊ ሊትር ሳይሆን ስለ ጊዜዋና ስለ ጤናዋ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ስም ይመዝገብ። ማን ማንን እንዳጠባች በሁለቱም ቤተሰብ ይታወቅ፤ ቢቻል በጤና ካርዱ ላይ ይጻፍ። ጎረቤታችሁ ሱዳናዊት ሙስሊም ከሆነች ይሄ ለእሷ ትልቅ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ ሳትጠየቁ ንገሯት። ወደፊት ካምፕ ይዘጋል፣ ሰው ይበተናል፣ አንዱ ወደ መተማ አንዱ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ልጁ የጡት እናቱን ስም ይዞ ይሂድ።

አራተኛ፣ እምቢታ ይከበር። የማትችል ሴት "አልችልም" ካለች ምክንያት አትጠየቅ። ሕመም ይኖርባታል፣ ምርመራ መደረግ አትፈልግ ይሆናል፣ ወይም አቅሟ ነው። በካምፕ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል፤ ምርመራዋም እምቢታዋም ምስጢር ሆኖ ይቆይ።

አምስተኛ፣ ጥያቄያችን ወደ ላይም ይሂድ። የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን፣ ዩኤንኤችሲአርና አጋር ድርጅቶች "ጡት ማጥባትን እንደግፋለን" ይላሉ። ጥሩ። በስብሰባ ላይ የሴቶች ኮሚቴዎች አንድ ግልጽ ጥያቄ ያንሱላቸው፤ የራሷ ያልሆነ ሕፃን የምታጠባ ሴት በራሽን ካርድ ላይ ምን ይጨመርላታል? መልሱ "ምንም" ከሆነ ድጋፉ ቃል ብቻ ነው። ከአማራ ክልል በየመጠለያው ተፈናቅላችሁ ያላችሁም ይህንኑ ጥያቄ ለሚመለከተው ማንሳት ትችላላችሁ።

ስለ ጡት ወተት መሸጥ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ "ይፈቀድ፣ ይከልከል" እየተባለ ይዞራል። ለኛ የሚጠቅሙት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የማን ወተት ነው? የማን ልጅ ጎደለበት? ሁለቱም በስም የሚመለሱ ከሆነ፣ ያጠባችውም ሴት በልታ የምታድር ከሆነ፣ ለአጥቢ የሚሰጥ ዋጋ ከሙሴ እናት ጀምሮ ንጹሕ ነው። አንዱ እንኳ መልስ ካጣ ግን፣ ተሸጠም በነፃ ተሰጠም፣ አንድ ሰው እየተበዘበዘ ነው።